ለሕመሟ ያስተማርኳት ቃላት

መጋቢት 3
ሻይ አፈላሁ፣ ዳቦ ቆረጥኩ። ባለቤቴ አልቀመሰችም። ጎኗን ይዛ ተቀመጠች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "ምንም… ተመስገን።" ይሄ መልስ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ለእንዲህ ዓይነቱ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም።

መጋቢት 7
ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ የውጭ ሰው ነው፣ ቋንቋችንን አይሰማም። በሽተኛ ሲጎበኝ ደግሞ አስታማሚ ይወጣል። ነርሷን ብለምናት "አባባ፣ ሕግ ነው" አለች። እሷም ለሁሉም በሽተኛ ለመተርጎም አትደርስም። ታዲያ ማን ያስረዳላት? ራሷ። አስተምራታለሁ።

መጋቢት 8
ጀመርን። ራስ፣ ጥርስ፣ ሆድ፣ ጀርባ ሲጠዘጥዝ "ኤክ"። ለሚወጋ "ፔይን"። ጉሮሮ ሲከረክር፣ ቆዳ ሲላጥ "ሶር"።
"እነሱ ሲያማቸው መጀመሪያ ይመርጣሉ እንዴ?" አለች። አጠገቧ የተኛችው በሽተኛ ሳቀች።
"ድገሚ።"
"እሺ፣ የኔታ!"

መጋቢት 11
ጎበዝ ናት። ወገቧን "ኤክ"፣ ጎኗን "ፔይን"። አጥንቷን የሚቆረጥማትን ግን ምን ልበለው? መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ… ልክ የሚሆን አጣሁ።

መጋቢት 14
ነርሷ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። "በሽታው ሥር ሰዷል፣ አባባ። እንግዲህ የማስታገሻው መርፌ ብቻ ነው። እሱም እዚህ ተኝታ።" ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ተመልሼ "ሶር"ን ደጋግሜ አረምኳት። ለምን?

መጋቢት 16
በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ከኮሪደር አያለሁ። ሐኪሙ ጎኗን ተጫነ።
"ኖ ፔይን" አለች።
ወገቧን። "ኖ ኤክ። ሆም።"
አጠራሯ እንከን የለውም። አንሶላውን ግን ጨምድዳ ይዛዋለች። ገብቼ "ትዋሻለች" ልል ነበር… ዓይኗ ያዘኝ። ሐኪሙ መርፌውን ሰርዞ አሰናበታት።
"ምን ማድረግሽ ነው?" አልኳት ሲወጣ።
"ነርሷ የነገረችህ ቀን ፊትህን አይቻለሁ። ቤቴ ውሰደኝ። በራሴ አልጋ ይሁን።"

መጋቢት 20
ቤት ነን። የሰጡን ክኒን ለራስ ምታት የሚዋጠው ነው። ምንም አላስታገሰላትም። የተማረችውን አንዱንም አትጠቀምም፣ ታቃስታለች ብቻ። የትኛው ነው ብዬ መለየት ተውኩ።
ጠዋት ጎረቤታችን ብቅ አለች። "እማማ፣ እንዴት አደሩ?"
ትራሷን ነክሳ ቆየች። "ተመስገን።"
ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረች።
"ተመስገን" አልኩ እኔም።