ሁለቴ የሚሳብ ጆሮ

ሰኞ፣ ጥር 4

ጠዋት የወንድሜን የቀለበት ጣት በነጭ ፕላስተር አሰርኩ። ትናንት የቅርጫት ኳስ መትቶት አብጧል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አሁንም "ቀስ በይ ቲቲዬ፣ ያመኛል!" ይላል። ቲቲዬ... በልጅነቱ እትዬ ማለት አቅቶት ያወጣልኝ ስም። ከሱ ሌላ በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም።

"ዘጠኝ ዓመት ፖይንት ጋርድ ሆኖ ቡድን የመራ ሰው ለጣቱ ያለቅሳል?" አልኩት። ሳቀ።

እሱ የሚጫወትበት፣ እኔ የምሠራበት ክለብ ስደርስ አሰልጣኙ ጠራኝ። ለክለቡ የጨዋታ ፊልም መቁረጥና መተንተን ከጀመርኩ እንዲህ ያለ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም። አዲስ የመጣውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከወንድሜ ጋር ላወዳድር!

"አንድ ገጽ ይበቃኛል። በግራ ወንድምሽ፣ በቀኝ አዲሱ። ለከርሞ የምናስፈርመው አንዱን ብቻ ነው።"

"ወንድሜ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?"

"ለዚህ እኮ ነው ላንቺ የሰጠሁሽ። ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?"

እውነቱን ነው። እናታችን ስትሞት እሱ አምስት፣ እኔ አሥራ አራት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

የሰኞውን ልምምድ አየሁ። ካሜራው ጣሪያ ሥር ስለተሰቀለ ፊት በደንብ አይታይም። ሁለቱም ራሳቸውን ተላጭተዋል። ሁለቱም ቁጥር የሌለው ግራጫ ካናቴራ ለብሰዋል። ቁመታቸው እኩል... ጉድ እኮ ነው።

ግን ለየሁት። ወንድሜ የቅጣት ኳስ ከመወርወሩ በፊት ግራ ጆሮውን ሁለቴ ይስባል። ድሮ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያለቅስብኝ እኔ ነበርኩ የምስበው። ሁለቴ ሳብ አድርጌ "አለሁ" እለዋለሁ፣ ከዚያ ይገባል። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ጆሮውን የሳበውን "ወንድሜ" ብዬ በግራ አስቀመጥኩት።

ከዚያ የአንዱን ምስል ከሥሩ እንዲያሳይ አድርጌ ሌላው ላይ ደረብኩት። እርምጃቸው አልተዛነፈም። አንድም ጊዜ። ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ጽፌ ሰጠሁ። በእግር አንድ ናቸው፣ በጭንቅላት ይለያያሉ አልኩ። በግራ ያለው ኳሱ ሳይደርሰው ለማን እንደሚያቀብል ያውቃል፣ ሌሎቹን ያረጋጋል። በቀኝ ያለው ጉልበት አለው፤ ግን ያመነታል፣ ማንንም በስም አይጠራም። አብረውት የሚጫወቱትን ከዚህ በፊት አይቷቸው የማያውቅ ይመስላል።

አላዳላሁም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

አሰልጣኙ ወረቀቴን ይዞ መጣ። "ገልብጠሽዋል እኮ! በግራ ያደረግሽው አዲሱ ነው።"

"አይደለም።"

ፊልሙን አቆመና ጣቱን በቀኝ ያለው ሰው እጅ ላይ አሳረፈ። ነጭ ፕላስተር።

በገዛ እጄ ያሰርኩት... ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር። እንዴት አላየሁትም? ታዲያ ያን ልጅ ጆሮ መሳብ ማን አስተማረው?

"አስተካክዬ ልጻፈው" አልኩ።

"ስሙን እንጂ ጨዋታውን አልተሳሳትሽም። አዲሱን እናስፈርማለን።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ወንድሜን በራሴ ብዕር አስባረርኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ምሳ ላይ ሁሉንም ለወንድሜ ነገርኩት። ቢጮህብኝ በወደድኩ። ምሳውን እየበላ ሰማኝ።

"ጆሮህን የምትስበውን ነገር ለልጁ አሳይተኸዋል?"

"የቱን ጆሮ?"

"ቅጣት ከመወርወርህ በፊት..."

"እኔ? መቼ?"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ የለበትም።

ቢሮ ተመልሼ የአምናና የካቻምና ፊልሞችን ከፈትኩ። አንዱም ላይ ጆሮውን አይነካም። እኔው ራሴ የቆረጥኳቸው ፊልሞች!

እሑድ፣ ጥር 17

ፕላስተሩን ልቀይርለት እጁን ያዝኩ። ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ።

"እርስዎ አይልፉ። ራሴ አስረዋለሁ።"

እርስዎ? "ምነው፣ አረጀሁ እንዴ?" አልኩት። አልሳቀም። ምነው አኩርፎ በሆነ...

ሐሙስ፣ ጥር 21

ዛሬም እርስዎ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ወንድሜ ሌላ ከተማ ክለብ አግኝቶ ጠዋት ሄደ። ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። "ስላስጠለሉኝ አመሰግናለሁ" አለ። ቋንቋው ጨዋ ነው፣ እንደ ተከራይ። ጆሮውን ልስብ እጄን ስሰድ ደንግጦ ሸሸኝ። እስኪርቅ አየሁት። ዞር አላለም። አልቅሼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከሰዓት አዲሱ ልጅ ቢሮዬ ገባ። እስከ ዛሬ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። የቀለበት ጣቱ አብጧል። በሌላ እጁ ነጭ ፕላስተር ይዟል።

"ቲቲዬ፣ እሰሪልኝ።"

ማን ነገረህ ልለው ነበር፤ እጄ ግን ቀድሞ ፕላስተሩን ተቀበለው። አሰርኩለት።

"ቀስ በይ፣ ያመኛል!"

ጨርሼ ቀና ስል አልሄደም። ግራ ጆሮውን ወደኔ አዘንብሎ ይጠብቃል።

ሁለቴ ሳብኩት። "አለሁ" አልኩት።

ምን ላድርግ? ወንድሜ ነዋ።