የአባባ ፔጆ ፍሬን

ኅዳር 8
ዛሬም ሙቀት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባን ፔጆው ሥር ተኝቶ አገኘሁት፤ እግሩ ብቻ ይታያል። በሰባ አራት ዓመቱ! ማን ሊያወጣህ ነው ብለው፣ ያስገባኝ ያወጣኛል አለኝ። በሳምንቱ መጨረሻ መኪናዋን ሰመራ ለዓመታዊ ምርመራ እንወስዳታለን። ካላለፈች ታርጋዋ ይፈታል። ዕድሜውን የሠራበት ባቡር ቆመ፣ እማማ ሞተች... የቀረችው ይቺ አሮጌ መኪና ናት። ከወደቀች አባባ ከአልጋ የሚነሳ አይመስለኝም።

ኅዳር 11
ፍሬኗ ሲግል አይዝም። አባባ ማርሽ እየቀነሰ ያቆማታል፤ እኔ የማላውቅ ይመስለዋል። የሰፈሩ ሰው ለቅሶም ሐኪም ቤትም የሚሄደው በእሷ ነው፣ ያውም በነጻ። ጎረቤታችን አስረሳች አምቡላንሳችን ትላታለች።

ኅዳር 14፣ ሰመራ
መርማሪው ታጁ ይባላል። አባቱ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ከአባባ ጋር ሠርቷል። አባባን እንዳየው እጁን ሳመ። ከዚያ መኪናዋን ከሥር አይቶ ለብቻዬ ጠራኝ።
«እህቴ፣ የፍሬኑ ቱቦ ተሰነጣጥቋል። መጣል አለብኝ። ግን ለጋሽ ኢብራሂም በምን አፌ ልንገራቸው? አንቺ ንገሪያቸው።»
ሄድኩ። አባባ በዚያ ሙቀት የኢድ ኮቱን ለብሶ መስታወቷን በመሐረብ ይወለውላል። ቀና ብሎ አየኝ።
አልፋለች አልኩት።
ለታጁ በሳምንቱ ውስጥ አስቀይራለሁ አልኩት። ወላሂ በይ አለኝ። ወላሂ አልኩ። ፈረመ።

ኅዳር 22
ቱቦው አዋሽ የለም፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው አሉ። ቢመጣስ? አባባ ሳያውቅ በየት በኩል ይገጠማል? ልነግረው ነው። ነገ። ይሉኝታ ነው ወይስ ፈሪ ነኝ?

ታኅሣሥ 3
አስረሳች ነገ አዳማ የሐኪም ቀጠሮ አላት። አባባ አደርስሻለሁ አላት። ልናገር አፌን ከፈትኩ... እሷ ፊት? እንዴት ብዬ?

ታኅሣሥ 4
መተሐራ ሳይደርሱ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ የቆመ ተሳቢ ከኋላው ገጩ። አስረሳች እዚያው አረፈች። የአባባ እጅ ተሰብሯል።

ታኅሣሥ 9
ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ባሏ ስዩም አባባን አቅፎ፣ ቀኗ ደርሶ ነው እንጂ ምን አጠፋህ አለው። ሰው ሁሉ፣ መኪናዋማ ምርመራ አልፋ ነበር ይላል። እየሰማሁ ቆሎ አዞርኩ። ራሴን ጠላሁት።

ታኅሣሥ 15
አባባ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጠራኝ። ታጁ ያን ዕለት ለብቻሽ ምን አለሽ አለኝ። ነገርኩት። ሁሉንም።
አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«ፍሬኑ እንደሚሸሽ እኔም ይሰማኝ ነበር» አለ። «ታጁ አይቶ ካሳለፋት ደህና ናት ብዬ ነው። ብትነግሪኝ እኮ አቆማት ነበር።»
ይሰበራል ብዬ ነበር የፈራሁት። እሺ ይለኝ ኖሯል... እንዲሁ፣ በቀላሉ።
በደህና እጁ ጫማውን አጠለቀ። ወዴት ነው አልኩት። ስዩም ዘንድ፣ እውነቱን ሊነግረው። ተነስቼ ተከተልኩት።