በጊና የስፌት መኪና የተሠራ ባቡር

ጎርና ኦርያሆቪጻ
ኖቬምበር 9 ቀን 2014

ለምትናፍቂኝ ልጄ ለሚግሌና፣

እንደምን ሰነበትሽ? ኦስሎ ብርዱ ጀምሯል ይላሉ፤ ወፍራሙን ሹራብሽን ደርቢ። እኔ ደኅና ነኝ። ቃሪያውን ጠብሼ በጠርሙስ አሽጌያለሁ፤ እንደ ልማዴ ለሦስት ሰው አድርጌው መደርደሪያው ሞልቷል።

ባለፈው እሑድ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሥራዬን ስቀጥል፣ “አባዬ፣ ማነው የሚሰፋው?” አልሽኝ። ስንተባተብብሽ “በእማዬ የስፌት መኪና ላይ ማንን አስቀመጥክ?” ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ማንም የለም ልጄ። እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትሽ ወደ ስፌት ፋብሪካው ትመላለስበት የነበረውን ያን ጥቁር ባቡር በትንሹ መሥራት ጀመርኩ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነው፤ ሁለመናው ከነሐስ ቆርቆሮ። የእንፋሎት በርሜሉን ክብ ለማድረግ ከአሮጌ የበር መቃን ቦይ ያለው እንጨት ጠረብኩ፤ ቆርቆሮውን ቦዩ ላይ አጋድሜ በብረት ዘንግ እያገላበጥኩ ስጫነው ክብ ሆኖ ወጣልኝ። ያስቸገረኝ ሪቬቱ ነው፤ በባቡሩ ጎን የሚደረደሩት እነዚያ የምስማር ራሶች። በእኔ ትንሽ ባቡር ላይ ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ። በመዶሻና በምስማር ሞከርኩ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ የሰካራሞች ሰልፍ ሆነብኝ።

የስፌት መኪናውን ከእናትሽ ቀብር ወዲህ ገልጬው አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ የተሸፈነበትን ጨርቅ ይዤ ተውኩት መሰለሽ። ስገልጠው መርፌው ላይ ሰማያዊ ክር ነበር፤ ላንቺ የጀመረችው ቀሚስ ክር። ሳልበጥስ አወጣሁት። በመርፌው ቦታ ጫፉን ያደነዘዝኩትን ቀጭን ብረት አሰርኩ፤ ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ያለው ሌላ ብረት አኖርኩ። ቆርቆሮውን በመሃል አስገብቼ መዘውሩን በእጄ ቀስ አድርጌ ሳዞር፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ… ሪቬቱ ቀጥ ብሎ ተሰለፈ።

ይኸኔ ከታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን ዶንካ በባዶ እግሯ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

“ፔንዮ! መኪናው…”

“እኔ ነኝ፣ ዶንካ።”

“ልቤን ልታቆመው ነው እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ? ጊና መጣች ብዬ እኮ ነው!”

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ከዚያ ሽርጧን አወረደችና፣ “በል አዙረው እንጂ፣ ምን ቆመሃል?” አለችኝ።

ድምፁን እንድትሰማ አዞርኩላት። ከብረቱ ሥር ቆርቆሮ አልነበረም።

መኪናው አልተጎዳም። መርፌውን ከነክሩ አስቀምጬዋለሁ፤ መልሰው ካልሽኝ ነገውኑ እመልሰዋለሁ። እስክትነግሪኝ ድረስ ግን ጠዋት ጠዋት ትንሽ አዞረዋለሁ፣ እንዳይዝግ።

ባቡሩ አልቋል። የእኛ የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር አዳራሽ ተሸጦ የጎማ መጋዘን ስለሆነ፣ የሚነዳበት ትልቁ ሐዲድ የለም። እኔ ጋ የቀረችውን ቁራጭ ሐዲድ በመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቻለሁ። ከአበባው ማሰሮ ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ይደርሳል፤ በጣቴ አቆመውና ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ደኅና ይሄዳል።

ለገና ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ሥራሽን አውቃለሁ። የአልጋሽን አንሶላ ቀይሬዋለሁ፤ ለአቧራው ብዬ ነው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በባዕድ አገር ክፉ አይንካሽ።

የሚወድሽ አባትሽ
ፔንዮ