ከሩቅ የማይከፈት ዲስክ አለህ?

ውድ ልጄ ሶሊያና፣

ይህን ወረቀት ባለ ሱቁ ሀይረዲን የሚሰጥሽ እሱና ባለቤቱ ሳፊያ ካረዱሽ በኋላ ነው። ቀድሞ እንዳይሰጥሽ አስምዬዋለሁ፤ እሱም በራሱ እምነት ምሎልኛል። ስለዚህ አሁን እናትሽ አቻምየለሽ የካቲት ላይ እንዳረፈች ሰምተሻል። ሳፊያ አጠገብሽ ከሌለች፣ አልቅሺ ብላ ለብቻሽ ትታሽ ወጥታ ከሆነ፣ ጥሪያት። ይህንን ብቻሽን አታንብቢው።

እናትሽ አልተሠቃየችም። ደም ግፊቷ በድንገት ተነሥቶ ራሷን ሳተች፤ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን አረፈች። እጇን ይዤ ነበር።

«ለምን ደበቅኸኝ?» ትይኛለሽ። ከቀብር መልስ አጎትሽ በዛብህ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ፣ «ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን ሳትጨርስ አይነገራትም፤ በስልክ መርዶ የሚባል ነገር ደግሞ በእኛ ቤት የለም» አለ። ዘመዱ ሁሉ «እውነቱን ነው» አለ። እኔም አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። አንቺ በሰው አገር፣ የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር፣ ስልኩን እንደያዝሽ ስትወድቂ ታየኝ። ያላሰብኩት ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። በዛብህ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየሙ ሄደ፣ ዘመድም ተበተነ፤ እሑድ እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የማነሣው እኔ ሆንኩ።

«እማዬስ?»

«ጸበል ገብታለች። ስልክ አይሠራም እዚያ።»

ይህን ስንት እሑድ አልኩሽ! ጸበሉን የውሸት መሸሸጊያ ካደረግሁት ጀምሮ ውዳሴ ማርያም ስደግም ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «መቼ ልትነግራት ነው?» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አንቺ የዲስኩን ነገር አመጣሽ። ቻይና፣ ጓንዡ ውስጥ ፌስቡኩም ጉግሉም አይከፈትልሽ፣ አሮጌው ኮምፒውተርሽ ሞቶ ፎቶዎችሽን በልቶብሻል። «አባዬ፣ ከቤታችን ራውተር ጋር የሚገናኝ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ በስልኬ የምከፍተው ሃርድ ዲስክ አለ። እሱን ግዛና የቤቱን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ጫንበት» አልሽኝ። መቼም አባትሽ እድሜውን ክር ፋብሪካ የጨረሰ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ፤ «አይገባኝም» ብዬ ላመልጥ ስል ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «እማዬ ከጸበል እስክትወጣ ቢያንስ ቪዲዮዋን ልይ፤ ናፈቀችኝ» አልሽ። ለዚህ ምን ይመለሳል? የሞተችውን እናትሽን በሕይወት እንዳለች አድርጌ በቪዲዮ ማሳየት ሌላ ውሸት ሆኖ ታየኝ።

ቃሊቲ፣ ሀይረዲን ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንዱ ተራው፣ ኮምፒውተር ላይ በሽቦ የሚሰካው ነው። ሁለተኛው በዋይፋይ ይሠራል፣ ግን ቤት ውስጥ ላለ ሰው ብቻ። ሦስተኛው አንቺ ያልሽው፣ የትም አገር ሆኖ የሚከፈተው።

«ይሄኛውን ይውሰዱ፣ ጋሽ ዱጉማ» አለኝ ሦስተኛውን እየመታ። «ውስጡ ሁለት ዲስክ ነው ያለው። ሁለቱም እኩል ነው የሚይዙት፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።»

«ምንም እንዳልሆነ?» አልኩት።

ደነገጠ። «አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ ስለ ዕቃው እኮ ነው።»

«መካከለኛውን ስጠኝ። ከሩቅ የማይከፈተውን።»

«እንዴ! ሰው ሁሉ ከሩቅ ይከፈታል ወይ እያለ ነው የሚጨቀጭቀኝ፤ የማይከፈት አለህ ወይ ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለሶሊያና አይደል? ጓንዡ ሆና በምን ልታየው ነው?»

ብሩን ከኪሴ አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ።

«ለመሆኑ እሷስ እንዴት ሆነች? በጣም ከበዳት?»

ቆጠራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ካርቶኑን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ... አልተነገራትም?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ ደግሞ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ያ አላህ! ዕቃ ላመጣ ሄጄ ባለፈው ጓንዡ ምግብ ቤት ውስጥ አይቻታለሁ እኮ! ‹አላህ ያጥናሽ› ልላት ተነሥቼ መኪናው ጥሩንባ ነፍቶብኝ ነው ሮጬ የወጣሁት።»

እዚያው የነበረ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውሃ ሰጠኝ። መካከለኛውን ዲስክ አቅፌ በታክሲ ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ ራሴ አሰብኩ። ከእግዚአብሔር ዓይን የሚሰወር ነገር የለም እያልኩ እድሜዬን የጸለይኩ ሰው፣ ከልጄ ዓይን የሚሰውር ዕቃ መርጬ ገዛሁ።

አንቺ ግን ማን ሊያታልልሽ! የካርቶኑን ፎቶ ላክ አልሽ፤ ላክሁ።

«አባዬ፣ ይሄ አይደለም! ይሄ ከሩቅ አይከፈትም። ያ ሀይረዲን ሸወደህ አይደል? ቆይ፣ እዚህ ሲመጣ ላግኘው!»

ለሀይረዲን ነገርኩት። ሳቀና፣ «በእኔ ያሳብቡ፣ ግድ የለም። ሌባ ብትለኝ ይሻላል» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «ግን ጋሼ፣ ሌላ ሰበብ ከየት ያመጣሉ?» አለ። ሰበብ አልነበረኝም። ዲስኩ በሦስተኛው ተቀየረ።

የተገጠመው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ «ተመስገን» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ በምስጋናዬ አፈርኩ። ሀይረዲን ቤት ድረስ መጥቶ የዲስኩን ሣጥን ከራውተሩ ጋር አገናኘው፤ የቤታችንን ኮምፒውተር ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ገለበጠበት፤ ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ በራሱ እንደሚገናኝ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ስትርገበገብ የሆነ ሰው ከፍቶ እያየ ነው ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። እኔም ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት እናትሽ ጤነኛ ሆና የተነሣቻቸው ብቻ ናቸው ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በዛብህ ሊጠይቀኝ መጣ። ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀምጠን ሣጥኑን አየና ምንነቱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከኮምፒውተሩ የትኛውን ነው የገለበጠው?»

«ሁሉንም።»

«ዱጉማ፣ የቀብሩን ቪዲዮ እኮ እዚያ ላይ ነው የጫንኩልህ! የሆስፒታሉንም። ስትመጣ ታየዋለች ብዬ ‹እማዬ› የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው የከተትኩት!»

«ሰርዘው!» አልኩት።

«በምን? እኔ ይሄን ዕቃ ዛሬ አየሁት። ሰውዬውን ጥራው!»

ሀይረዲን ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ሁለተኛ ደወልኩ። በዛብህ ሣጥኑ ፊት በርከክ ብሎ የሚነካውን አጥቶ እጁን ያወጣል፣ ይመልሳል። ሦስተኛ ልደውል ስል «ዱጉማ» አለኝ። መብራቷ እየተርገበገበች ነበር።

ተያየን። «ምናልባት... ኢንተርኔቱ ተለቆ ራሱ ይሆናል» አለ። እሱም አላመነውም። በጉልበቴ ሄጄ ሽቦውን ነቀልኩት። ራውተሩም አብሮ ከመደርደሪያው ወደቀ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አንቺ ነሽ።

«አባዬ! ከፍቼው እያየሁ እኮ ጠፋብኝ!»

«መብራት ሄደ፣ ልጄ።»

«ቴሌቪዥን ይሰማኛል እኮ።»

«የጎረቤት ነው።»

በዛብህ ዘሎ አጠፋው።

«አሁን ደግሞ ጎረቤትም ጠፋባቸው?» አልሽ። ሳቅሽ። በዛብህ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እኔ ለመሳቅ ሞክሬ ከጉሮሮዬ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ምን... ምን አየሽ?» አልኩሽ።

«የትምህርት ቤት ፎቶዎቼን። ከዚያ ‹እማዬ› የሚለውን ስነካው ሄደ።» ስትተነፍሺ ይሰማኛል። «አባዬ፣ እማዬ ደህና ናት?»

ድምፅሽ የሕፃን ሆነ። አፌ እውነቱን ሊናገር ተከፍቶ ነበር፤ ምስክሬ እግዚአብሔር ነው። ግን አንቺ ቆመሽ ይሁን ተቀምጠሽ፣ አጠገብሽ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

«ደህና ናት» አልኩሽ።

ስልኩ ሲዘጋ በዛብህ ወንበር ላይ ተዘረጋ። «ተመስገን፣ አመለጠች!»

«ምኑን አመለጠች?» አልኩት። እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። «ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን አራት ወር ዋሽተን፣ ብቻዋን ሬሣዋን ልናሳያት ነበር! ከዛሬ በኋላ እኔ አልዋሽም።»

«ጽሑፏን ልታቀርብ እኮ ቀኑ ደርሷል! አሁን ብትሰማ የሁለት ዓመት ድካሟ—»

«ታቅርብ። ባቀረበች ማግስት ግን ሰው ሄዶ ይነግራታል። በሰው አፍ፣ በማለዳ፣ በወጉ።»

«ማን? ጓንዡ ማን ዘመድ አለን?»

«ሀይረዲን አለ።»

«ባዕድ ሰው ያርዳት?»

«ድንኳን ሲተክልልን ባዕድ አላልነውም» አልኩት። በዛብህ መነጽሩን አወለቀና እንደ ልጅ አለቀሰ። በእሱም አትፍረጂ። እህቱ ናት፤ እሱም ላንቺ ፈርቶ ነው።

ሀይረዲንን ስጠይቀው አላመነታም፤ የዕቃ ጉዞውንም ባንቺ ቀን አስተካከለው። «ግን ብቻዬን አልሄድም፣ ጋሼ። ሴት ልጅ ስትወድቅ የምትይዛት ሴት ያስፈልጋታል። ሳፊያ ትመጣለች» አለኝ። ሳፊያ ከዚህ በፊት አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ላንቺ ስትል ነው የወጣችው። እሷም እናቷን የቀበረችው በቅርቡ ነው።

በእነዚህ ቀናት «ዲስኩ ምን ሆነ?» እያልሽ ስትጠይቂኝ «ተበላሽቷል» ብያለሁ። «ጋራንቲ አለው አይደል፣ መልሰው» አልሽ፤ የሌላ ዲስክ ፎቶ ላክሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እናትሽ አልጠየቅሽኝም። እሑድ ደውለሽ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጽሑፍሽ አወራሽኝና ዘጋሽ። ያ ዝምታሽ አስፈራኝ። በማለዳ በርሽ ሲንኳኳ፣ ሳፊያን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስታያት፣ ሳትናገር አውቀሽው ይሆናል።

ሀይረዲን ከመሄዱ በፊት መጥቶ፣ «የቀብሩንና የሆስፒታሉን ላጥፋው?» ብሎኝ ነበር። እጁ ማጥፊያው ላይ ነበር። አይሆንም አልኩት። እስከዛሬ ምን እንደምታዪ፣ ምን እንደማታዪ የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ፤ ምርጫዬም የት እንዳደረሰን አየሁት። እያንዳንዱን ለየብቻ አድርጎ በትክክለኛ ስሙ ጻፈልኝ፤ ስትከፍቺ ምን እንደምትከፍቺ ታውቂያለሽ። ሀይረዲን «ነግረናታል» ብሎ እንደደወለልኝ ሽቦውን እሰካዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልነቅለውም። የቱን፣ መቼ እንደምታዪ፣ ጨርሶም ላለማየት መምረጡ የራስሽ ነው። የቀብሩን ማየት የፈለግሽ ቀን ግን ቀድመሽ ደውዪልኝ፤ እኔም እዚህ ከፍቼው ስልኩን ሳንዘጋ አብረን እናየዋለን። እኔም እስካሁን አላየሁትም።

አሁን ያንቺን ስልክ እጠብቃለሁ። በዛብህና ጎረቤቶች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ላንቺ ሲባል እንደገና ለቅሶ እንቀመጣለን። የፈለግሽውን በዪኝ፤ ብትቆጪኝም እሰማለሁ። ብቻ ልጄ፣ ቁጣሽ ሲበርድልሽ አንድ ጊዜ «አንተስ እንዴት ነህ?» በዪኝ። እናትሽን ከቀበርኩ ወዲህ ካንቺ በቀር አብሮኝ እንዲያለቅስ የተመኘሁት ሰው የለም፤ ላንቺ ደግሞ በየሳምንቱ «ደህና ነኝ» እልሽ ነበር።

ደህና አይደለሁም።

አባትሽ ዱጉማ
አቃቂ፣ ሰኔ ፳፻፱ ዓ.ም.