ከየትኛው ጫፍ ይነበባል?

ኅዳር 3፣ ሰኞ
ይህን ማስታወሻ የጀመርኩበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ በሆስፒታሉ የተባለውን በየዕለቱ ካልጻፍኩ፣ በንዴት እረሳዋለሁ። በንዴት መርሳት በእኔ ዕድሜ አያምርም።

የባለቤቴ ወገብ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ላይ ጥላ ተገኘ። ሐኪሟ፣ «ጥላው በድሮው ራጅ ላይም ካለ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ ከሌለ ለኅዳር 15 ይያዝ» አሉ። የድሮው ራጅ በሆስፒታሉ አሮጌ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩን ያነብ የነበረው ማሽን አምና ተቃጥሏል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ፤ የዲስኩን አሠራር ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
ሄድኩ። የክፍሉ ቴክኒሻን «ቶሎ» ይባላል። ለምን እንደተባለ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ዲስኩን ከአዲሱ ማሽን ጋር አገናኘው። ማሽኑ «ዲስክ ተበላሽቷል መጠገን ትፈልጋለህ» ሲል ጻፈ። ሥርዓተ ነጥብ የለውም።
«ጋሼ፣ ባዶ ነው። ፎርማት አድርገን ሙልጭ አድርገን አጥፍተነው እንገላገል።»
«ባዶና ያልተነበበ አንድ ናቸው?»
«ኧረ ጋሼ፣ ያለው ማሽኑ ነው! እኔን ለምን ይቆጡኛል?»
እንዳይነካው አስጠንቅቄ ወጣሁ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ
ነክቶታል። «መጠገን» የሚለውን ተጫነ።
«ትንሽ ብቻ ነው ጋሼ... ወዲያው አቋረጥኩት እኮ።»
ትንሽ! ሙሉ ቅጂ አስወሰድኩ፤ ከእንግዲህ የሚነካው ቅጂው ብቻ ነው።

ዲስኩ ላይ ያለውን በወረቀት አትሜ አየሁት። አንድ ቁጥር በአራት ባይት፣ ማለትም በአራት ክፍል፣ ይጻፋል። አሮጌው ማሽን ትልቁን ክፍል ያስቀድማል፤ አዲሱ ትንሹን። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ... ለአሮጌው 512 ነው። አዲሱ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ 131,072 ይለዋል። ቁጥሩ መረጃው ያለበትን ቦታ ይጠቁማልና፣ በዚህ ሲፈልግ ከዲስኩ ዳርቻ ውጭ ይወጣል፤ ምንም አያገኝም፤ ዲስኩን ይወቅሳል።

ኅዳር 7፣ ዓርብ
አንባቢው ፕሮግራም ቁጥሮቹን ሁሉ እየገለበጠ እንዲያነብ አደረግን። እንቢ አለ። ለምን? ጠጋኙ ፕሮግራም ከመቋረጡ በፊት የመግቢያውን ክፍል፣ የዲስኩን ማውጫ፣ በራሱ ልማድ ትንሹን አስቀድሞ ጽፎታል። ቀሪው እንደ ድሮው ነው። አንድ ዲስክ፣ ሁለት አነባበብ።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተጣራች።
«ከዲስኩ ጋር ስትሟገት የኔን ወገብ ማን ይጠይቀው?»
«እንዴት ነው?»
«አሁን ገና? በል፣ ይሄ ነገር ሲያልፍ እኅቴ ዘንድ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ወር እንቀመጥ።»
«እናያለን።»
«ስናይ ስናይ አረጀን እኮ!»
ወደ ወረቀቶቼ ተመለስኩ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ
እንዴት ረሳሁ? የመግቢያውን ቅጂ በዲስኩ መጨረሻም እንዲቀመጥ አድርጌ ነበር። ያን ጊዜ «ቦታ ታባክናለህ» ተብዬ ነበር። ጠጋኙ እዚያ አልደረሰም። ከመጨረሻው ጀመርን። የበሽተኞቹ ስም በተራ ወጣ። የባለቤቴም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ
ራጁ ተከፈተ። መላው ብጥስጥስ ነጥብ።
«ጋሼ፣ ይሄ በረዶ ነው እንጂ አጥንት አይደለም።»
የምስሉ ነጥቦችም እያንዳንዳቸው ሁለት ባይት ናቸው። እነርሱንም አስገለበጥኩ። የባለቤቴ አከርካሪ ብቅ አለ። ጥላውም እዚያው ነበር። ቶሎ ወንበር አመጣልኝ። ያስፈልገኝ ነበር።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ
ሐኪሟ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አዩ። «ያው ነው፤ አላደገም። ቀዶ ሕክምናው ቀርቷል።» ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አልለቀቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ለኮምፒውተር ክፍሉ ጻፍኩ፦ የቁጥሮች ቅደም ተከተል በግልጽ ይደንገግ፤ ከዲስክ የሚነበብ ቁጥር ሁሉ በዚያው ይተርጎም፤ ጠጋኝ ፕሮግራም ያላወቀውን ዲስክ አይንካ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ባለቤቴ አንብባ ሳቀች። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀች።

የጻፈችውን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ተኛች። ስሕተት ፈለግሁበት፤ የለበትም።

«ለተከበሩ ባለቤቴ፦ እኅቴ ዘንድ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ወር እንድንቀመጥ ያቀረብኩት ጥያቄ እስከ ዛሬ ውሳኔ አላገኘም። ‹እናያለን› መልስ ሆኖ አይመዘገብም። ስለዚህ እስከ እሑድ ድረስ፣ ሙሉ ስምዎንና ፊርማዎን አኑረው፣ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።»