በዳይ የቀረበት እርቅ

እሑድ፣ ኅዳር 7
ፀሐይ ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ግን ያንቀጠቅጣል። የተገኙ፦ የደብሩ የደን ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሼ ግርማ፣ ካህናችን አባ፣ ሁለት አባላት፣ እኔ ጸሐፊዋ። ያልተገኘ፦ ድፍረት።

ጉዳዩ አንድ ነው። ዓርብ ዕለት የደን ጠባቂያችን ደምሴ ቅጠል ለቃሚዋን እማማ ዘነቡን ገፍትሮ ጣላቸው። ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ከባሕር ዛፉ ሥር ደረቅ ቅጠል ጠርገው፣ በጀርባቸው አውርደው፣ ሽሮ ሜዳ ሸጠው ነው የሚኖሩት። በአንድ እጅ እንዴት ይጠርጋሉ? “ጥፋቱ የእኛ ነው” የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

ጋሼ ግርማ “የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ” አሉ። ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። የእማማን ስም አንዴም አልጠሩም። ጠዋት ስለ መልካም እረኛ ሲሰበክ ግን ከሁሉ በላይ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ውሳኔ፦ ሽማግሌ ይላክና እማማ ይቅር ይበሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ሄድን። አባ፣ አንድ አባል፣ እኔ፣ ሁለት ሊትር ዘይት። ጋሼ ግርማ “እኔ ከሄድኩ ነገሩ ይገዝፋል” ብለው ቀሩ። ደምሴንም ከለከሉት። እስቲ በዳይ የሌለበት እርቅ የት አገር ነው ያለው?

እማማ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው በነጠላ ታስሯል። አባ መስቀላቸውን አውጥተው “ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይ” አሏቸው። የእግዚአብሔር ስም ከተጠራ ማን እምቢ ይላል? እኛም ያንን ተማምነን ነው የሄድነው።

እማማ መስቀሉን ተሳለሙ። “እሺ አባቴ። ማንን?”

አባሉ ዘይቱን ወደ ፍራሹ አስጠጋ።

“ከዘይቱ ጋር ነው የምታረቀው? ዘይቱ እኮ አልገፈተረኝም።”

በር ላይ የቆመችው ጎረቤታቸው ሳቋን መያዝ አቃታት። የአባ ፊት እስከ ጆሯቸው ቀላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ደመና። ደምሴን መንገድ ላይ አገኘሁት።

“እትዬ፣ እኔ ልሄድ ነበር። ጋሼ ‘ከሄድክ ጥፋተኛ ነን ማለት ነው’ አሉኝ። ደግሞስ ቅጠል ለቃሚዎቹን ከደኑ በምንም መንገድ አስወጣ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?”

እናንተ። እውነቱን ነው። ትእዛዙን የሰጡት ጋሼ ግርማ፣ የጻፍኩት እኔ። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ “ጽሕፈትሽ ያምራል” ብለው ጸሐፊ ሲያደርጉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። “በምንም መንገድ” ሲሉ ብዕሬ ትንሽ ቆማለች። ከዚያ ጻፈች። በሰው ፈሪነት ስቃጠል ሰነበትኩ፤ የራሴን የት ጥዬው ነበር?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ብርድ። ጋሼ ግርማ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ቴሌቪዥን እያዩ ነበር።

“ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው። እሱ ይለፍና እንነጋገራለን” አሉ።

“ሚካኤል ሲያልፍ ጾሙ ይገባል፣ ከዚያ ገና ነው፣ ከዚያ ጥምቀት። የእማማ እጅ በዓል አያውቅም።” ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

“ሕዝብ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?”

“ሕዝብ የለም ጋሼ። አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው።”

ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን ጨመሩ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቀብር ቀድመው ይደርሳሉ። ደግ ሰው ሲፈራ ነው የሚያናድደኝ። ከፊት የሚቀመጥ ሞልቷል፤ ከፊት የሚሄድ ጠፋ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ስሜ ይጠፋል አላለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ኪዳን አድርሼ ደምሴን ጠራሁት። መጣ። እማማ ደጅ ስንደርስ፣ እንደ አገር ቤቱ የይቅርታ ወግ፣ ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። እኔም አነሣሁ። ጎንበስ ብለን ቆምን።

“የገፋሁዎት እኔ ነኝ” አለ።

“አስወጣ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

እማማ ትክ ብለው አዩን። “አውርዱት። ይቅር ለእግዚአብሔር።” ቀጥለው፣ “ያዘዘውስ?”

“አልመጡም።”

“እንግዲያው ለእሱ ገና አላልኩም።”

ከዚያ በቀጥታ ጋሼ ግርማ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። “እማማ እርስዎን ይጠብቃሉ” አልኩ በበሩ ስንጥቅ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ እስኪወጡ ልጠብቅ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።