ሳይኖር የላላው ሰንሰለት

ሀደራ፣ ክፋር ብራንዳይስ
ማክሰኞ፣ ጁን 17 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.

በኢንዱስትሪው ዞን ለሚገኘው የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ዶሮን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? በሥራ ላይ ሳሉ አንድም ቀን ሲንበረከኩበት ስላላየሁ፣ እንደ አዲስ ሆኖ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ስለ ዓይንዎ ግን አልጠይቅም፤ የሌለን ነገር እስከ መላላቱ ድረስ አጥርቶ የሚያይ ዓይን ከእኔ ምርቃት በላይ ነው።

እኔ ባዬ ተሻገር እባላለሁ። በጎንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬና የወረዳ ትምህርት ቤቶችን ተቆጣጥሬ፣ በ1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከመጡት ጋር መጥቼ፣ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ እንዳያስቀይምዎ እለምናለሁ። በዕብራይስጥ ሁለት ጊዜ በአደራ ፖስታ ጽፌልዎት አላነበቡልኝም፤ እንግዲያው ጨርሶ በማያነቡት ቋንቋ ብጽፍ በእርስዎ በኩል የሚጎድል ነገር የለም ብዬ ነው። የሚያነቡት በየዓመቱ መኪናቸውን ለቴስት፣ ማለትም ለዓመታዊው ምርመራ፣ ወደ እርስዎ የሚያመጡ ያገሬ ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ ሲያገኙዎት እነሱ ይተረጉሙልዎታል።

ለእነሱ ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

በሕንፃችን ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ሚሪያም ባለቤታቸው የሞቱባቸው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሟቹ የተዉት ሞተር ብስክሌት በ1978 የተሠራ፣ ቀይ፣ ሞቶ ጉትሲ የሚባል የጣሊያን ፈጣን ሞተር ሲሆን፣ ከደረጃው ሥር በአንሶላ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። በአገሬ ትምህርት ቤቶችን ስጎበኝ በሞተር ብስክሌት እዞር እንደነበር የሰሙት ወይዘሮ ሚሪያም አንድ ቀን፣ «ባዬ፣ አስነሳውና ያንተ ይሁን፤ እኔን ድምፁን ብቻ አሰማኝ» አሉኝ።

ለማስነሳት አሥራ አራት ወር ፈጀ። ያረጀ የጣሊያን ሞተር ያዘነ አማች ማለት ነው፤ በጉልበት አይሆንም፣ ደጋግሞ ደጅ መጥናት ይጠይቃል። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል ካልተነፈሱ አንዱ ሲስብ ሌላው ይጎትታል። የመብራት ሽቦው ዝናብ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይለካል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይለካል። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ ይዣለሁ፤ ሥራው ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። የሠራው ሙሉሰው ነው።

ሙሉሰው የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ጎንደር ሳለ አሥራ አንድ ዓመት የጣሊያን የጭነት መኪና ሲጠግን ኖሯል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያለ ያደገ መካኒክ ስለሆነ፣ የሟቹን የጣሊያንኛ የጥገና መጽሐፍ ስገልጥለት ቋንቋውን ሳያውቅ የዕቃዎቹን ስም አንድ በአንድ ለየው። እዚህ ከመጣ ወዲህ አምስት ዓመት ብርቱካን ሲያሽግ ቆይቶ፣ በስንት ደጅ ጥናት በአቶ ኦፈር ጋራዥ ለስድስት ወር ሙከራ ገባ። ስድስቱ ወር ሲሞላ አቶ ኦፈር አንድ ቅጽ ይፈርሙለታል፤ በቅጹ ለመካኒክነት ፈተና ይመዘገባል፤ ፈተናውን ካለፈ ብርቱካን ማሸግ ቀረ ማለት ነው። ምዝገባው የሚዘጋው በዚህ ወር ሠላሳ ነው። ክቡርነትዎ ይህችን ቀን ይያዙልኝ።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። በዚህ ሞተር ብስክሌት ላይ ሰንሰለት የለም። ተበጥሶ አይደለም፣ ወልቆም አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣም አልነበረውም። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው፣ ልክ እንደ ጭነት መኪና፣ በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። ጎንበስ ያለ ሁሉ ያየዋል።

ከዚህ በኋላ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሜይ 11 ቀን እሑድ ጠዋት ሞተሩን ለቴስት ሳመጣ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ በመስኮት አንድ ጊዜ ገረፍ አድርገው አይተው፣ «የኋላ ሰንሰለት በጣም ላልቷል፤ ለአደጋ ያሰጋል፤ ወድቋል» ብለው ስለጻፉልኝና ስለፈረሙልኝ አመሰግናለሁ። በትሕትና ሰንሰለት እንደሌለው ባስረዳዎት፣ «ሞሬ፣ አንተ ልጆችን ፊደል አስቆጥር፤ ሰንሰለቱን ለእኛ ተወው» አሉኝ፤ ሞሬ ማለት መምህር ማለት ነውና ማዕረጌን ስላልነፈጉኝ ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልሱን የማያውቅ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ጓደኞቹን ማሳቅ መሆኑን አልረሳሁም።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ ሰኞ፣ ከሥራዎ ብዛት ጊዜ ሰውተው፣ ሞተሩ ደህና መሆኑን በፊርማው ያረጋገጠው ሙሉሰው መሆኑን ከአቶ ኦፈር ጋራዥ የምርመራ ወረቀት ላይ አንብበው፣ ለአቶ ኦፈር ስልክ ስለደወሉ አመሰግናለሁ። «ያ ኢትዮጵያዊህ ሰንሰለት እንኳ አያይም፤ እንዲህ ያለ ሰው ፍሬን አስይዘህ ሰው ልታስጨርስ ነው?» ማለትዎን አቶ ኦፈር ራሳቸው ነግረውኛል። አቶ ኦፈር በየሳምንቱ መኪና ወደ እርስዎ ስለሚልኩ እርስዎን ማስቀየም አይችሉም። ያን ጊዜ ሞተሩ ከጋራዣቸው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከጠረጴዛቸው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ ሁለቱን አልተራመዱም። ሙሉሰውን በዚያው ቀን አሰናበቱት። ስድስቱ ወር ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

በዚህ ቁጥር ሥር አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉሰው ማታውን ቤቴ መጥቶ፣ «አባ ባዬ፣ ምናልባት ሳላየው ቀርቼ ይሆን?» አለኝ። ይህ ሰው ያን ዘንግ በገዛ እጁ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ቀብቶ የመለሰ ሰው ነው። እርስዎ ሥራውን ብቻ ቢወስዱበት ምናልባት በሽማግሌ ይቅር እንባባል ነበር። ያየውን እንዲጠራጠር ስላደረጉት ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ይቅር አልልዎትም፤ ይህን በጽሑፍ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሦስተኛ፤ ሐሙስ ሜይ 15 ቀን ያንኑ ሞተር አንድ ብሎን እንኳ ሳልነካ መልሼ አመጣሁት። «የተደረገ ጥገና» በሚለው ቦታ ላይ በዕብራይስጥ፣ በትልልቁ፣ «ሰንሰለት ስለሌለው ምንም አልተደረገም» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪን ማታለል ነውር እንደሆነ ሁሉ ፈታኝንም ማታለል ነውር ነው፤ ስለዚህ እውነቱን እፊትዎ አስቀመጥኩልዎ። እርስዎም ወረቀቱን ተቀብለው፣ «ሰንሰለቱ ተስተካክሏል፤ አልፏል» ብለው ከእኔ ጽሑፍ ልክ በታች ፈርመው ማኅተም ስላደረጉበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዘመኔ ብዙ የፈተና ወረቀት አርሜአለሁ። ጥያቄውን ሳያነብ የመለሰ አጋጥሞኛል፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ነግሮት የሳተ ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፤ ሜይ 19 እና ጁን 2 ቀን ለጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ ወይዘሪት ዳና ጁን 9 ቀን በስልክ፣ «ቴስቱን እኮ አልፈሃል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?» ብላ ስለመለሰችልኝ ለእሷም ምስጋና ይድረሳት። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ እነሆ።

የምፈልገው አንድ መስመር ነው። «በዚህ ሞተር ብስክሌት ላይ ሰንሰለት የለም፤ የሙሉሰው ምርመራ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ይፈርሙበት። አቶ ኦፈር፣ «ዶሮን ይህን ይጻፍልኝ እንጂ በዚያው ሰዓት መልሼ አስገብቼው ዘጠኙን ቀን ያሟላል፤ ቅጹንም እፈርማለሁ» ብለዋል፤ ይህን ያሉት በምስክር ፊት ነው። ዘጠኝ ቀን ከዛሬ ሲቆጠር እስከ ምዝገባው መዝጊያ ይደርሳል፤ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ግን እንደ ወትሮው ተረጋግተው እንዲቀመጡ አልመክርዎትም።

እስከዚያው እጄን አጣጥፌ እንዳልተቀመጥኩ ማወቅ መብትዎ ነው። ባለፈው ዓርብ ሞተሩን መሀል ከተማ ወስጄ ገበያው በር ላይ አቆምኩት። የሰጡኝን ሁለቱን ወረቀቶች፣ የላላውንና የተስተካከለውን፣ በፕላስቲክ አስለብጬ በነዳጅ ታንከሩ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ከሥራቸው «ሰንሰለቱን ለሚያገኝ ሰው ሞተሩ የእሱ ነው» ብዬ በሁለት ቋንቋ ጻፍኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አርባ ሦስት ሰዎች ፈለጉ። ሐብሐብ ሻጩ አቭራሃም ሥራውን ትቶ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ በባትሪ ጭምር ፈለገው። ሲነሳ አቧራውን እያራገፈ፣ «ሰውዬው ይህን ከወንበሩ ሆኖ ካየ እኔ ጋ ይምጣልኝ፤ ሐብሐቡን ሳልቆርጥ ቀይ መሆኑን ይንገረኝ!» ብሎ ገበያውን በሙሉ አሳቀው። እንግዲህ በእኔ ላይ የሳቁት አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው፤ በእርስዎ ላይ የሚስቁትን መቁጠር ግን ገና አልጨረስኩም። ከመጪው ዓርብ ጀምሮ በየሳምንቱ በዚያው ቦታ እገኛለሁ። ወይዘሮ ሚሪያምም ወንበራቸውን ይዘው አጠገቡ ለመቀመጥ ቃል ገብተውልኛል፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ባለቤታቸው ይህን ሞተር አሥራ ሦስት ዓመት ያለ ሰንሰለት እንዴት እንደነዱት ያስረዳሉ። እርስዎም በማንኛውም ዓርብ መጥተው ሰንሰለቱን በጣትዎ ቢያሳዩን የሞተሩን ቁልፍ በሕዝብ ፊት አስረክብዎታለሁ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ፊርማዎ ሰውን ሊያወርድም ሊያወጣም እንደሚችል በማወቅ፣ ለወንበርዎ ካለኝ ታላቅ አክብሮትና ለሙሉሰው ከገባሁት ቃል ጋር እሰናበታለሁ።

ባዬ ተሻገር
ጡረተኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአቶ ኦፈር፣ ጋራዣቸው
ለወይዘሮ ሚሪያም
በገበያው በር ላይ ለሚለጠፍ

ማስታወሻ፦ ሙሉሰው በስድስት ወሩ ውስጥ የሠራውን ሁሉ ቀን በቀን የጻፈበትን ደብተር፣ ከቅጹ ጋር የሚያያዝ ስለሆነ፣ ትናንት ስገለብጥ አንድ መስመር አገኘሁ። ኤፕሪል 28 ቀን ለአቶ ኦፈር ጋራዥ የመጣችውን የእርስዎን ነጭ መኪና የአራቱንም ጎማ ፍሬን የፈታው፣ የለወጠውና የገጠመው እሱ ብቻውን ነው። በፍሬን ነገር የማይታመን ሰው መሆኑን አስቀድመው ስላስጠነቀቁ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ ያለ ሥጋት እንዲውሉ መኪናዋን ከዛሬ ጀምሮ ከደጅዎ እንዳያንቀሳቅሷት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ሆኖም ነድተው የመጡ እንደሆነ ለሙሉሰው እንደመሰከሩለት ይቆጠራል፤ አቶ ኦፈርም መስመሩን አይተው፣ ያኔ ዘጠኙን ቀን ሊያስጀምሩት ተስማምተዋል። ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በጣቢያዎ በር ላይ ቆመን እንጠብቅዎታለን፤ አቶ ኦፈር ቅጹንና ብዕራቸውን ይዘው ከጎኔ ይቆማሉ።